በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ስለ ቆመ መኪና የሚጠየቅ ቅጣት

ሕግ የሚፈተነው በትልቅ ሙግት ብቻ አይደለም። ሰው ለጥቂት ብር በደጁ ላይ ሲከራከር በዚያም ጊዜ ሕግ ከተከበረ፥ አገሩ በሕግ የሚተዳደር አገር ነው ሊባል ይገባዋል። በአዲስ አበባ፥ ይልቁንም በአዲስ ከተማ በመርካቶ፥ ለእንዲህ ያለው ፈተና ምክንያት ከሚሆኑት ነገሮች አንዱ በመኖሪያ ግቢ ውስጥ የሚቆም መኪና ነው። ነዋሪው «በቤቴ ደጅ አቆምሁ» ይላል፤ ጠባቂው «ያለ ፈቃድ ቆመሃልና ቅጣት ክፈል» ይላል። ከሁለቱ እውነቱ ከማን ዘንድ እንደ ሆነ ለማወቅ፥ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንደ ተባለው ከመሠረቱ መመርመር ያስፈልጋል።

መርካቶ የሚለው ስም ከጣልያን ቋንቋ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው ገበያ ማለት ነው። ጣልያኖች ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገሪቱን ይዘው በነበሩበት ጊዜ፥ በአራዳ በቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ይቆም የነበረውን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛውረው በዚህ ስፍራ እንዲሆን አደረጉ። በዚያ ዘመን የመኪናው ቍጥር እንደ ዛሬው አልነበረም። አሁን ግን ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያን እስከ አንዋር መስጊድ፥ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሲኒማ ራስ ድረስ፥ ዕቃ የሚጭንና የሚያራግፍ መኪና መንገዱን ሞልቶት ይውላል። የነጋዴው ሱቅና የነዋሪው ቤት ጎን ለጎን ናቸው፤ ቀን ገበያ የነበረው ግቢ ማታ መኖሪያ ይሆናል። ስለዚህ አንድ መኪና የምታርፍበት ጠባብ መሬት እንደ ሸቀጡ ሁሉ ዋጋ የሚያወጣ ሆነ፤ ዋጋ ባለበትም ክርክር አይጠፋም።

በዚህ ክርክር ውስጥ የስሕተት መጀመሪያ ልዩ ልዩ የሆኑትን ወረቀቶች መቀላቀል ነው። የትራፊክ ፖሊስ የሚሰጠው የቅጣት ወረቀት ከመንግሥት ሕግ የሚመነጭ ነው። በማኅበር የተደራጁ ወጣቶች በአውራ መንገድ ዳር የሚቀበሉት የማቆሚያ ክፍያም በከተማው አስተዳደር ፈቃድ የሚሰበሰብ ነው። በግል ሕንፃ ወይም በመኖሪያ ግቢ ውስጥ ባለንብረቱ፥ ተከራዩ ወይም የነዋሪዎች ማኅበር የሚያስጽፈው የቅጣት ወረቀት ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ይህ ወረቀት ፍርድ አይደለም፤ የገንዘብ ጥያቄ ነው። የመንግሥት ቅጣት ከሕግ ይወለዳል፤ የግል ቅጣት ግን ከውል ካልተወለደ እናት የለውም።

እንግዲህ ውል መኖሩ በምን ይታወቃል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ጥያቄ የተገለጠ መልስ ይሰጣል። በቍጥር 1682 ዝምታ እንደ መቀበል እንደማይቈጠር ይደነግጋል። በቍጥር 1686 ደግሞ አንዱ ወገን ለብቻው ያዘጋጀው የጠቅላላ ሥራ ደንብ፥ ሌላው ወገን ዐውቆት ካልተቀበለው በስተቀር፥ ወይም የመንግሥት ባለሥልጣን ያዘዘው ወይም ያጸደቀው ካልሆነ በስተቀር፥ ሌላውን ወገን አያስገድድም ይላል። በቍጥር 2001 እንደ ተጻፈውም ግዴታ ይፈጸምልኝ የሚል ሰው ግዴታው መኖሩን ማስረዳት አለበት። ስለዚህ «ክፈል» የሚለው ወገን ማስታወቂያው በሚታይ ስፍራ መለጠፉንና ባለመኪናውም ተስማምቶ መግባቱን የማስረዳት ሸክም የራሱ ነው።

የጋራ ሕንፃ በሆነ ጊዜ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ስለ ጋራ ሕንፃ ባለቤትነት የወጣው አዋጅ ቍጥር 370/1995 እያንዳንዱ ባለቤት ከራሱ ቤት ሌላ በጋራ መጠቀሚያው ላይ ድርሻ እንዳለው፥ የባለቤቶቹም ማኅበር መተዳደሪያ ደንብ እንደሚኖረው ያስረዳል። ግቢው የጋራ ከሆነ አንዱ ነዋሪ የሌላውን መውጫ ሊዘጋ አይችልም፤ በጠቅላላ ጉባኤ የጸደቀውን ደንብም «እኔ አልወደድሁትም» ብሎ ሊጥለው አይገባውም። ነገር ግን የማኅበሩ ሹማምንት ወይም ጥበቃውን የተኰናተረው ሰው በራሱ ፈቃድ ያወጣው ቅጣት ጉባኤው ያጸደቀው ደንብ ሊባል አይችልም።

እንዲህ ያለው ሙግት በሌላው ዓለምም የታወቀ ነው። በእንግሊዝ አገር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2008 ዓ.ም. አንድ ጉዳይ መርምሮ ነበር። ሁለት ሰዓት በነጻ ማቆም በተፈቀደበት የሱቆች ግቢ አንድ ሰው አንድ ሰዓት ያህል አሳልፎ ቢገኝ 85 ፓውንድ ተጠየቀ። ማስታወቂያው ትልቅና ግልጥ ስለ ነበረ፥ ክፍያውም ከልክ ያለፈ ስላልሆነ ፍርድ ቤቱ እንዲከፍል ፈረደ። በዚያው ዓመት ደግሞ በኦክስፎርድ አንዲት ነዋሪ ከባድ ጠረጴዛ ለማውረድ በሕንፃዋ መግቢያ ጥቂት ብትቆም ቅጣት ተጠየቀች። ይግባኙን የሰማው ዳኛ ግን ዕቃ ለማራገፍ ጥቂት መቆም መኪና እንደ ማቆም እንዳይደለ፥ በቤት ውሏ የተሰጣትንም መብት በኋላ የተሰቀለ ማስታወቂያ ሊነጥቃት እንዳይችል ወሰነ። የውጭ አገር ፍርድ እኛን ባያስገድድም፥ ሁለቱን አስተያይቶ ለተመለከተ ሰው ትምህርት ይሰጣል፤ ከገበያተኛው የሚጠየቀው ከነዋሪው ከሚጠየቀው ይለያልና። ጆንያውን በደጁ የሚያራግፍ የመርካቶ ነዋሪም ጉዳይ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ቅጣቱን ለማስከፈል ሲባል ጎማን በብረት መቈለፍ ደግሞ ከወረቀቱ የከፋ ነው። በቀድሞ ዘመን በአገራችን ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፥ ቍራኛ ሆነው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር። ቍራኛ ግን ሁለቱን አንድነት የሚያስር ነበር፤ ባለዕዳው እንዳያመልጥ፥ ባለገንዘቡም ያለ ዳኛ እንዳይፈርድ ያደርጋልና። የጎማው ብረት አንደኛውን ብቻ አስሮ ሌላውን ከሳሽም ዳኛም ገንዘብ ተቀባይም ያደርገዋል። እንግሊዞችም ይህን ጉዳት አይተው፥ ሕጋዊ ሥልጣን ሳይኖር በግል መሬት ላይ ጎማ መቈለፍን ከ2005 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ ከልክለዋል።

ስለዚህ ወረቀት የደረሰው ነዋሪ ሊያደርገው የሚገባው ይህ ነው። ከጠባቂው ጋር አይጣላ፤ ጠባቂው የታዘዘውን የሚፈጽም ሠራተኛ ነውና። ወረቀቱን አይቅደደው፤ ቀኑን፥ ሰዓቱንና ገንዘብ ተቀባዩን ለይቶ ይያዝ፤ የማስታወቂያውን ስፍራ በፎቶግራፍ ያንሣ፤ የቤት ውሉንና የማኅበሩን ደንብ ያውጣ። ከዚያም የማይከፍልበትን ምክንያት በጽሑፍ አስታውቆ ግልባጩን ያስቀር። በእርግጥ ያጠፋ እንደ ሆነ ከፍሎ ደረሰኝ ይቀበል። የፍርድ ቤት መጥሪያ ቢደርሰው ግን ቸል አይበል፤ የቀረ ሰው በሌለበት ሊፈረድበት ይችላልና። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 37 ማንኛውም ሰው በፍርድ ሊወሰን የሚገባውን ጉዳይ ለፍርድ ቤት ወይም የመዳኘት ሥልጣን ላለው አካል አቅርቦ ውሳኔ የማግኘት መብት ሰጥቶታል። ዳኛ ሲገኝ ተናገር፥ ውሃ ሲጐድል ተሻገር ማለት ይህ ነው።

የቀረው ድርሻ የሹማምንትና የካህናት ነው። የወረዳ ሹም የግቢ ማስታወቂያ በግልጥ እንዲጻፍ፥ ክፍያም ያለ ደረሰኝ እንዳይወሰድ፥ አቤቱታም የሚሰማ ሰው እንዲኖር ቢያደርግ ብዙ ጠብ ከሥሩ ይደርቃል። ካህናትም ጎረቤት ከጎረቤቱ ሲካሰስ በሽምግልና መካከል ገብተው ሁለቱን ቢያስታርቁ፥ ፍርድ ቤቱ ለከበደው ነገር ጊዜ ያገኛል። የመኪና ማቆሚያ ስፍራ ጥቂት ክንድ መሬት ነው፤ በዚያች መሬት ላይ «በሕግ አምላክ» ሲባል የሚቆም ሰው ከተገኘ ግን፥ በሰፊውም አገር ላይ ሕግ ይጸናል።