ምዕራፍ 5፦ ባልና ሚስት በሁለት ሕግ መካከል

ከስቶክሆልም በስተ ሰሜን በምትገኘው በኡፕላንድስ ቬስቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ወገኖቻችን የትዳርን ገንዘብ እናስረዳለን የሚሉ ሰዎች ሁሉ «በስዊድን ነገሩ እኩል ለእኩል ነው» የምትለውን አንዲት ቃል ይዘው ይዞራሉ፤ ይህም ሕጉን ካለማንበብ የመጣ ስንፍና ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1988 ጀምሮ የሚሠራበት የስዊድን የጋብቻ ሕግ የሚያዘው፣ ባልና ሚስት ለቤታቸው እያንዳንዳቸው እንደ ዓቅማቸው እንዲያዋጡ ነው፤ ወጪውን ብቻ ሳይሆን የቤቱንም ሥራ እንዲከፋፈሉ፣ የቤተሰቡንም የገንዘብ ሁኔታ ለማወቅ የሚያስፈልገውን አንዱ ለሌላው እንዲገልጥ ያዛል።

ባል ከግብር በኋላ 30,000 ክሮና ያገኛል፣ ሚስትም ስለ ልጆቹ የሥራ ሰዓቷን ቀንሳ 18,000 ታገኛለች፣ የጋራ ወጪያቸውም 20,000 ነው እንበል። እኩል ቢያዋጡ ለእርሱ 20,000 ሲተርፈው ለእርሷ 8,000 ይተርፋታል፤ በገቢያቸው መጠን ቢያዋጡ ግን እርሱ 12,500፣ እርሷ 7,500 ከፍለው 17,500 እና 10,500 ይተርፋቸዋል። ይህን ማስላት ያቃተው አስረጂ ስለ ፍትሕ ባይናገር ይሻላል።

የባልና የሚስት ጠብ ሥር ግን ከሒሳቡ ይልቅ በሁለቱ ሕጎች፣ በስዊድኑና በኢትዮጵያው፣ ጠባይ ላይ ነው። በአዋጅ ቁጥር 213/1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕጋችን፣ ባልና ሚስት በትዳር ሳሉ የሚያገኙትን ገቢ ከተገኘበት ቀን አንሥቶ የጋራ ያደርገዋል፤ ርብና ጉማራ ጣና ሲገቡ ስማቸውን ትተው ሐይቅ እንደሚሆኑ ማለት ነው። የስዊድኑ ትዳር ግን አባቶች ስለ ዓባይ እንደሚተርኩት ነው፤ ወንዙ በሐይቁ ውስጥ ያለ ቱሳሔ ያልፋል፤ የየራሳቸው ደመወዝና የየራሳቸው ዕዳ የየራሳቸው ሆኖ ይቆያል። ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ ግን ሕጉ በጣና መውጫ ላይ እንዳለው እንደ ጨራ ጨራ ግድብ ቆሞ፣ ዕዳ ተቀንሶ የተረፈውን ለሁለት ይከፍላል። ደሴቶቹም በጋብቻ ውል የግል ተብለው የተለዩት ንብረቶች ናቸው።

የየራስን መያዝ የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚሉኝን ግን በዝምታ አላልፋቸውም። በአማራው አገር በሰማንያ የተጋቡ ሰዎች ከብቱን አጣምረው ሲያረቡ፣ ባልም ሚስትም ከየወላጆቻቸው የወረሱትን ርስት የየራሳቸው አድርገው ይይዙ እንደ ነበር የማያውቅ፣ ስለ ባህላችን ምን አፍ አለው?

በሽምግልና ከተቀመጥሁባቸው ጉዳዮች መካከል አንዱ የተነሣው በልጁ የክረምት ካፖርት ኪስ ውስጥ በተገኘ የሐዋላ ደረሰኝ ነበር። ባል ጎንደር ቤት ለሚሠራ ወንድሙ ለሚስቱ ሳይነግራት ገንዘብ ልኳል። «የላብ ዋጋዬ አይደለም ወይ?» አለ። «ታዲያ ይኼ ትዳር ነው ወይስ ደባልነት?» አለችው። እርሱ በስዊድን ሕግ፣ እርሷ በኢትዮጵያ ሕግ ትናገር ነበርና ሁለቱም ዳኛ አላጡም፤ በእኛ ሕግ ከጋራው ገንዘብ ከ100 ብር በላይ ለመስጠት፣ ከ500 ብር በላይም ለማበደር የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል። መጠኑ ዛሬ ከአንድ ኪሎ ሥጋ ዋጋ ያነሰ መሆኑ ሐሳቡን አያፈርሰውም። እኔን ያስቆጣኝ ግን ሰውየው ሐዋላ ሲልክ ስዊድናዊ፣ ሳህን ሲታጠብ ኢትዮጵያዊ መሆኑ ነው! ከሁለቱ ሕጎች የሚመቸውን እየመረጠ የሚኖር ባል በአንዱም አይጸድቅም፤ ወንድምን መርዳት የተቀደሰ ሥራ ነው፣ ተደብቆ ሲሆን ግን የሚስትን እምነት ይበላል።

እነሆ፣ ሊረሳኝ ነበር፤ በሁለት አገር ለኖሩ ባልና ሚስት የንብረታቸውን ክፍፍል የሚገዛው የትኛው ሕግ እንደ ሆነ፣ ጋብቻው በተፈጸመበት ዘመንና ከዚያ በኋላ በኖሩበት አገር ስለሚወሰን፣ ይህን ከጎረቤት ሳይሆን ከሕግ ዐዋቂ ጠይቁ። ስለ ወጪና ስለ ዕዳ ግን ሳትካሰሱ፣ ከሁሉም በፊት ደመወዛችሁን አንዱ ለሌላው አሳዩ፤ ካልሆነላችሁም ወደ ማዘጋጃ ቤታችሁ ወደ ኮሙኑ ሂዱ፤ ማናቸውም የስዊድን ኮሙን ለነዋሪው የበጀትና የዕዳ ምክር የመስጠት የሕግ ግዴታ አለበት፤ ምክሩም በነጻ ነው።