ያላበደም ይታከማል

ከሞጣም ሆነ ከቢቸና ተነሥቶ የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ለመድረስ ለረጅም ዘመን መንገዱ አንድ ነበር፤ በደጀን በኩል የዓባይን በረሃ ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ አዲስ አበባ አማኑኤል መግባት። በጣሊያን ወረራ ዘመን ሥራ የጀመረው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ አሥርት ዓመታት በመሀል አገር ሌላ አቻ አልነበረውም። ያን ያህል መንገድ፣ ያን ያህል ወጪ የሚወጣው ደግሞ ጨርቁን ለጣለ፣ ሰው ለተማታ፣ ዘመድ ገመድ ይዞ ለሚከተለው ሰው ብቻ ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ገበሬ፣ ከወለደች ወዲህ ዓለም የጨለመባት እናት፣ ፈተና በመጣ ቁጥር ልቡ የሚመታበት ተማሪ ዓባይን ሊሻገር አይታሰብም ነበር። ዛሬ መንገዱ ብዙ አጥሯል። ያላጠረው በእኛ ዘንድ ያለው ግምት ነው፤ አሁንም ሕክምና የሚገባው ላበደ ሰው ብቻ ይመስለናል። የብዙ ሰው ጭንቀት ሥር እየሰደደ የሚሄደውም በዚህ ግምት የተነሣ ነው ባይ ነኝ።

ለዚህ ማስረጃ አለ። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ ገጠር ውስጥ አዋቂ የሚባሉ ሰዎችን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕዝቡ የአእምሮ ሕመም ምልክት ነው ያለው ከሁሉ በላይ ብዙ መለፍለፍን፣ ጠበኛነትንና ያልተለመደ ጠባይን ነበር። ለአካል ሕመም ጤና ተቋም ይሻላል ያሉት እነዚያው ሰዎች ለአእምሮ ሕመም የመረጡት ባህላዊውን መንገድ ነው። ጎጃሜ ይህን ለመረዳት ቡታጅራ ድረስ መሄድ አያሻውም። ከቢቸና ብዙም የማይርቀው ዲማ ጊዮርጊስ አካባቢ በሚፈጸመው የሐዲስ ዓለማየሁ ልብ ወለድ ውስጥ፣ ካሳ ዳምጤን አገሩ «ጉዱ ካሳ» ብሎ እንደ እብድ የሚያየው የተለመደውን ስለማይናገር ነው። በልቡ ይዞ ስለሚብከነከነው ሰው ግን ማንም አይጠይቅም። እኛ የምናየው የሚጮኸውን ነው።

የማይጮኸው ሕመም በሌላ ስም ጤና ጣቢያ ይደርሳል። ሰውዬው «ራሴን ወጥሮ ይይዘኛል፣ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል» ይላል፤ የራስ ምታትና የጨጓራ መድኃኒት ተሰጥቶት ይመለሳል፤ ከወር በኋላ በዚያው ሕመም ይመጣል። ውሸት አልተናገረም፤ ድባቴ የሚባለው የሐዘንና የተስፋ መቁረጥ ሕመም በእርግጥም በሰውነት ላይ ይወጣል። ጤና ባለሙያው ግን ሁለት ጥያቄ ቢጨምር ኖሮ ነገሩ ይገለጥ ነበር፦ ባለፉት ሁለት ሳምንታት አብዛኛውን ቀን ሐዘን ወይም ተስፋ መቁረጥ ተሰምቶሃል? ቀድሞ ደስ ይልህ የነበረው ነገር አሁን አላስደስት ብሎሃል? መልሱ አዎ ከሆነ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ምግብ ፍላጎት፣ ሥራ ላይ ሐሳብ ስለ መሰብሰብ ይጠየቃል፤ ሞትን ይመኝ እንደሆነም በግልጽ ይጠየቃል። ይህን መጠየቅ ሐሳቡን ይጭርበታል የሚል ፍርሃት አለ፤ በጥናት ግን አልተደገፈም። አብዛኛው ሰው የሚጠይቀው በማግኘቱ ይቀለዋል።

ሐኪም በሌለበት ይህን ማን ይሠራዋል? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስቶችን ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2003 ሲሆን፣ በዚያን ጊዜ ለመላው አገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ዛሬ ደብረ ማርቆስና ባሕር ዳር ሕክምናው አለ፤ ቢሆንም ስፔሻሊስት ለየወረዳው ይደርሳል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። መልሱ ሥራውን ማከፋፈል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 የጀመረው መርሐ ግብር፣ ኢትዮጵያም በ2005 ዓ.ም. ያወጣችው የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ በዚሁ ላይ የቆሙ ናቸው። በጉራጌ አካባቢ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት ደግሞ፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች እንኳ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎች ሲከታተሏቸው ውጤቱ በሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ከባዱ በጤና ጣቢያ ከተቻለ ቀላሉ የማይቻልበት ምክንያት አይታየኝም።

«ቁጭ ብሎ ስለ ጭንቀት ማውራት የፈረንጅ ወግ ነው» የሚለውን ተቃውሞ ኡጋንዳ መልሳዋለች። ኤች አይ ቪ ክፉኛ በጎዳቸው የገጠር መንደሮች፣ ድባቴ የያዛቸው ሰዎች ለ16 ሳምንታት በየሳምንቱ በቡድን እየተሰበሰቡ ስለ ሐዘናቸው፣ ስለ ጠባቸው፣ ስለ ተለወጠው ኑሯቸው ተነጋገሩ። የመሯቸው ሐኪሞች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ የአገሩ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ከተሳታፊዎቹ መካከል የድባቴን መመዘኛ የሚያሟሉት ከ86 በመቶ ወደ 6.5 በመቶ ሲወርዱ፣ ባልተሳተፉት ዘንድ ግን ከግማሽ በላይ ታማሚ ሆነው ቀርተዋል። መድኃኒት አልተሰጠም፤ ድህነቱም አልተነሣም። «ጦርነትና ኑሮ ላመጣው ጭንቀት ወሬ ምን ይፈይዳል?» ለሚለውም ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እርግጥ ነው፣ ግጭት ባለበት አገር ከአምስት ሰው አንዱ የአእምሮ ሕመም እንዳለበት የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 አስታውቋል፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ የአማራ ክልል ሰው ያየውን ላየ ይህ አያስገርምም። ሰላም የሚያስፈልገው ለዚህም ነው። ሰላም እስኪመጣ ግን የታመመው ሰው ማረስም፣ ልጅ ማሳደግም አለበት።

ከሁሉ የሚከብደኝ ተቃውሞ የራሳችን አለን የሚለው ነው። ንስሐ አባት አለን፣ ሼኽ አለን፣ ማኅበር፣ ዕድር፣ የቡና ጎረቤት አለን። እውነት ነው፤ ለሐዘንተኛ ሠልስት፣ አርባና ተዝካር ቆርጦ ሰው ብቻውን እንዳይቀር የሚያደርግ ባህል ብዙ የሠለጠነ አገር ቢፈልግም አያገኘውም። ግን ሥርዓቱ ሲያበቃ ሰዉ ወደየሥራው ይበተናል፤ ያልተጽናናው ያኔ ነው ብቻውን የሚቀረው። ቢናገርም «ታገሥ፣ እግዜር ያጥናህ» ተብሎ አፉ ይዘጋል። ቡና ላይ የተነገረ ገበና ደግሞ ገበያ ይወጣል፤ ሆድ ይፍጀው የሚባለው በከንቱ አይደለም። ምክር የሚሰጠው ባለሙያ ከጎረቤት የሚለየው በሁለት ነገር ነው፤ ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ሳያቋርጥ ማዳመጥም ሥራው ነው። ጠበሉንም ቢሆን ማንም አይነጥቅም። ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ2007 ጠበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ሲያስታውቁ ለብዙዎች ክርክሩ ተዘግቷል። ለአእምሮ መድኃኒትም ያው ቃል በየአጥቢያው ቢነገር፣ ጀምረው በማቋረጥ የሚያገረሽባቸውን ብዙዎች ያተርፋል፤ የጠበል አጥማቂዎችና ሐኪሞች ተባብረው መሥራታቸውም በአዲስ አበባ ተሞክሯል።

ስለዚህ ለአንባቢ የምለው ይህን ነው። ጭንቀቱ ወይም ሐዘኑ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሥራ ካስፈታዎት፣ በሚቀርብዎ ጤና ጣቢያ ራስ ምታቱን ብቻ ነግረው አይመለሱ፤ እንቅልፍ ማጣቱንም፣ ሆድዎን ያባባውንም ይናገሩ። መናገር ካቃተዎ የሚያምኑት አንድ ሰው ይዘው ይሂዱ። ባለሙያው ካጣደፈዎት የአእምሮ ሕክምና ወዳለበት ሆስፒታል ሪፈር እንዲጽፍልዎ ይጠይቁ። የመሞት ሐሳብ ከመጣብዎ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ቀን ይሂዱ።