የስኳር ሕመምና ድብርት፦ የወዳጅ ድርሻ

ድብርት የስኳር ሕመም ባለባቸው ሰዎች ላይ ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በብዛት ይታያል፤ የመድኃኒት አወሳሰድንና የአመጋገብ ሥርዓትንም ያዛባል። ድካም፣ የእንቅልፍ መዛባትና የምግብ ፍላጎት ለውጥ በሁለቱም ሕመሞች ስለሚከሰቱ ድብርቱ በቀላሉ ሳይታወቅ ይቀራል። በመሆኑም ቢያንስ ለ2 ሳምንታት የዘለቀ የስሜት መጨፍገግ ወይም ቀድሞ ያስደስት የነበረውን ነገር መጥላት መኖሩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ይህን ለውጥ አስቀድሞ የሚያስተውለው ብዙውን ጊዜ የቅርብ ወዳጅ ነው። ታካሚው ከፈቀደ ባለሙያው ወዳጁን ሊያስተምረው ይገባል። «አይዞህ፣ በርታ» የሚለው ማጽናኛ በቅን ልቡና ቢነገርም ሕመሙን እንደ ስንፍና ሊያስቆጥርና ታካሚውን ዝም ሊያሰኝ ይችላል። ከዚህ ይልቅ ሳያቋርጡ ማዳመጥ፣ በቀጠሮ ቀን አብሮ መሄድና አብሮ መመገብ ይጠቅማል። እንደ ፍሉኦክሴቲን ያሉ መድኃኒቶች ለውጥ ለማሳየት ሳምንታት እንደሚወስዱም ወዳጁ ይወቅ።

ራስን ስለ ማጥፋት መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርም። ሐሳቡ ካለ ታካሚው ብቻውን አይተው፤ ኢንሱሊኑ በሚታመን ሰው እጅ ተቀምጦ መጠኑ ሳይጓደል በሰዓቱ ይሰጠው፤ ሳይዘገይም ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ወዳጅ ምስጢር ጠባቂ ቢሆንም ይህን ከባለሙያ መሰወር እንደሌለበት አስቀድሞ ሊነገረው ይገባል።