ለደጋ ቤት የሚሆን መጋረጃ

በባሌ ደጋ ባሉት በአጋርፋ፣ በሮቤና በጎባ የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ውርጭ ይዞ ይመጣል። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናቸው፤ ከጎባ ሽቅብ የሚደረስበት የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትርን ያልፋል። ቀን የምታቃጥለው ፀሐይ ስትጠልቅ ሙቀቷን ይዛው ትሄዳለች። በእንዲህ ያለ አገር ቤት ውስጥ የሚሰቀል ጨርቅ የመጀመሪያ ሥራው ብርድ መከላከል ነው፤ ውበቱ ከዚያ ቀጥሎ ይመጣል። በብዙ ቤት የሚደረገው ግን ተቃራኒው ነው። ገንዘቡ በሙሉ ለሚያብረቀርቅ ጨርቅ ይወጣና ለገበሩ፣ ለሽንሽኑና ለክፋፉ ምንም አይተርፍም። መካከለኛ ጨርቅ ገዝቶ ስፌቱን ማሟላት ውድ ጨርቅ ገዝቶ ከማሳነስ በእጅጉ ይሻላል፤ ምክንያቱን አንድ በአንድ እንይ።

በባሌ ቤት የሚታደሰው አዝመራ ሲገባ ነው። አካባቢው በዓመት ሁለት ጊዜ ያመርታል፤ «ጋና» በሚባለው ወቅት መጋቢት አካባቢ የተዘራው ሐምሌና ነሐሴ፣ በ«ቦና» የተዘራው ደግሞ ታኅሣሥና ጥር ላይ ይታጨዳል። የስንዴውና የገብሱ ገንዘብ እጅ ሲገባ ሠርግም ይደገሳል፣ ልብስ ሰፊውም ፋታ ያጣል። ስለዚህ መጋረጃ ለማሰፋት የሚያስብ ሰው አጨዳው ከመድረሱ በፊት ልኩን ወስዶ ጨርቁን ቢመርጥ ሥራው በጥንቃቄ ይሠራለታል።

ጨርቅ ለዚህ አገር ቤት እንግዳ አይደለም። በቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ውስጥ አቡጀዲ ወጥሮ ኮርኒስ ማድረግ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀ ዘዴ ነው፤ ከላይ የሚራገፈውን አቧራ ይይዛል፣ የቆርቆሮውንም ቅዝቃዜ በመጠኑ ያግዳል። አንድ ክፍል ብቻ ያለው ቤተሰብ መኝታውን ከእንግዳ መቀበያው የሚለየው በመጋረጃ ነው። በቤተ ክርስቲያንም መቅደሱን ከምእመናን የሚጋርደው እሱ ነው። በጎንደር ዘመን በሐር ክር የተሸመኑ፣ የሰው ምስል ያለባቸው ትልልቅ መጋረጃዎች ዛሬ በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየምና በቶሮንቶው ሮያል ኦንታሪዮ ሙዚየም ይገኛሉ፤ የለንደኑን እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ወስደውታል። መጋረጃ በዚህ አገር ምን ያህል እንደተደከመበት ለማወቅ እነዚህን መጋረጃዎች ማስታወስ ይበቃል።

አሁን ወደ መስኮቱ እንምጣ። በከተሞቻችን በብዛት የሚገጠመው የብረት መስኮት አንድ ስስ መስታወት ብቻ ነው ያለው። ማታ መስታወቱ ሲበርድ አጠገቡ ያለው የክፍሉ አየር አብሮ ይቀዘቅዛል። የቀዘቀዘ አየር ስለሚከብድ ቁልቁል ይወርድና ወለል ለወለል ይሄዳል፤ በቦታው ከኮርኒሱ ሥር ያለው ሞቃት አየር ይመጣል፤ እሱም በተራው ቀዝቅዞ ይወርዳል። በርና መስኮቱ ተዘግቶ እያለ እግር ሥር የሚሰማው ብርድ አንዱ ምንጩ ይህ ነው። መጋረጃ ይህን ዑደት የሚያቋርጠው በጨርቁና በመስታወቱ መካከል ያለውን አየር አግዶ ሲይዝ ብቻ ነው። በመስኮቱ ደፍ ላይ የሚቀር አጭር መጋረጃ ከሥሩ ብርዱን ይለቃል። ከመስታወቱ ስፋት የማያልፍ መጋረጃ በጎን ይለቃል። ከላይ ክፍት የሆነ ደግሞ ሞቃቱን አየር ወደ መስታወቱ ይጋብዛል። እንግዲህ ለደጋ ቤት የሚሰፋ መጋረጃ ወለሉን ሊነካ አንድ ሁለት ሴንቲ ሜትር ብቻ ሲቀረው ይቁም፣ በሁለቱም ጎን መስኮቱን በ20 ሴንቲ ሜትር ይለፍ፣ ዘንጉም ከመስኮቱ በላይ 15 ወይም 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ይሰቀል። ከዘንጉ በላይ ያለውን ክፍተት በጠባብ ጣውላ ወይም በአጭር የጨርቅ መከለያ መዝጋት የሚቻል ከሆነ የበለጠ ጥሩ ነው።

ልኩን በምሳሌ እንየው። መስኮቱ 1 ሜትር ከ20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ዘንጉ በሁለቱም ወገን 20 ሲያልፍ 1 ሜትር ከ60 ይሆናል። ጥሩ ሽንሽን እንዲወጣለት የጨርቁ ስፋት የዘንጉን እጥፍ ይሁን፤ 3 ሜትር ከ20 ማለት ነው። መጋረጃው ሁለት ክንፍ ስላለው ለአራቱ የጎን ጠርዞች አምስት አምስት ሴንቲ ሜትር ይታጠፋል፤ ድምሩ 3 ሜትር ከ40 ይደርሳል። ከዘንጉ እስከ ወለሉ 2 ሜትር ከ20 ቢሆን፣ ለላይኛው እጥፋት 10፣ ለታችኛው ክፋፍ 15 ሲጨመር ቁመቱ 2 ሜትር ከ45 ይመጣል።

ከዚህ በኋላ የሚወስነው የጣቃው ወርድ ነው። ለመጋረጃ ተብሎ የሚሸጠው ጨርቅ ብዙ ጊዜ 2 ሜትር ከ80 ወርድ ስላለው ወርዱ ቁመት ሆኖ ይሰቀላል፤ ከእሱ 3 ሜትር ከ40 ማስቆረጥ ይበቃል። ወርዱ 1 ሜትር ከ50 ከሆነ ግን ቁራጮችን ጎን ለጎን መቀጠል ግድ ነው። ሁለት ቁራጭ 4 ሜትር ከ90 ይወስዳል፤ ጠርዙ ከታጠፈ በኋላ የሚተርፈው 2 ሜትር ከ80 ስፋት የዘንጉ አንድ ተኩልና ሩብ እጥፍ ነው። ለወፍራም ጨርቅ ይሄ ደኅና ነው። ለስስ ጨርቅ ግን ያንሳል፤ ሲዘጋ እንደ ተወጠረ አንሶላ ይሆናል። ሦስት ቁራጭ 7 ሜትር ከ35 ይፈጃል። ትልልቅ አበባ ያለበት ጨርቅ ደግሞ አበባው በመገጣጠሚያው ላይ እንዲገጥም ትርፍ ይፈልጋል። ይህን ሒሳብ በወረቀት ይዞ ሱቅ የገባ ሰውና «ለአንድ መስኮት የሚበቃ ስጡኝ» ያለ ሰው ይዘው የሚወጡት አንድ አይሆንም።

ገበር የሚባለው ከጀርባ የሚሰፋው ሁለተኛ ጨርቅ ነው። በሁለቱ ጨርቆች መካከል የሚቀረው አየር ብርድ ያግዳል፤ የፊቱንም ጨርቅ ከፀሐይ ያድነዋል። ለዚህ አቡጀዲ ይበቃል፤ ርካሽ ነው፣ በየገበያው አለ፣ ሲቆሽሽ ይታጠባል። አንድ ጥንቃቄ ግን አይታለፍ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይገባል። 5 በመቶ ብቻ ቢገባ እንኳ ከ2 ሜትር ከ45 ላይ 12 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይጎድላል። ገበሩ ሲያጥር ፊቱን ወደ ላይ ይጎትተዋል፣ መጋረጃው በሙሉ ይኮማተራል። ስለዚህ አቡጀዲውም ሆነ የጥጥ ጨርቁ ከመቆረጡ በፊት ሙቅ ውሃ ውስጥ ተነክሮ፣ ደርቆ፣ ተተኩሶ ለሰፊው ይሰጥ። ቀለሙ ይለቅ እንደሆነም ያኔ ይታወቃል።

የትኛው መስኮት የትኛውን ጨርቅ ይፈልጋል? አጋርፋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት የቀትር ፀሐይ ከሚያዝያ እስከ ነሐሴ ወደ ሰሜን፣ በተቀሩት ወራት ወደ ደቡብ ዘንበል ትላለች። የክረምቷን ፀሐይ ደመና ስለሚሸፍናት በጋውን በሙሉ ሲመታ የሚከርመው የደቡቡ መስኮት ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ዝቅ ብላ የምትገባውን ጨረር ይቀበላሉ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር የደጋ ፀሐይ ቀለም ቶሎ ታጠፋለች። በእነዚህ መስኮቶች ላይ ደማቅ ቀይና ሰማያዊ አልመክርም፤ ፈዘዝ ያለ፣ የአፈርና የገለባ ቀለም ያለው ይሻላል። ሐር በፀሐይ ይሰባበራል። ፖሊስተር ፀሐይን ከጥጥ ይልቅ ይችላል፣ አይጨማደድም፤ እሳት ሲነካው ግን ይቀልጣል። ከፈይ ያሞቃል፣ ነገር ግን የበጋውን አቧራ ስለሚይዝ መንገድ ዳር ላለ ቤት አድካሚ ነው።

ማስጌጫው ላይ እኔ ሩቅ አገር መሄድ አልወድም። በመርካቶ የሚሸጠው ወርቅማ ዘርፍና ሪባን አለ፤ ነገር ግን የኢትዮጵያ ሸማኔ በነጠላና በቀሚስ ጫፍ ላይ የሚያወጣው ጥለት ለመጋረጃ የተፈጠረ ያህል ነው። ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ የመጡት የዶርዜ ሸማኔዎች አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ላይ በዚህ ሙያ ስማቸው የታወቀ ነው፤ በልማዱ ሴቶቹ በእንዝርት ይፈትላሉ፣ ወንዶቹ ይሸምናሉ። የእጅ ሸማ ወርዱ ጠባብ ስለሆነ መጋረጃውን በሙሉ ከሸማ ለማሠራት መቀጣጠል ይጠይቃል፣ ዋጋውም ይወጣል። ጥለቱን ብቻ በሚፈለገው ቀለምና ስፋት አዝዞ በተራ ጨርቅ ላይ ማሰፋት ግን ብዙ ቤተሰብ የሚችለው ነው።

ቦታውም በምክንያት ይመረጥ። መጋረጃ ሲከፈትና ሲዘጋ እጅ የሚይዘው ሁለቱ ክንፎች የሚገናኙበትን ጠርዝ ነው፤ መጀመሪያ የሚቆሽሸውና የሚሳሳው እሱ ነው። ጥለቱ እዚያ ላይ ከላይ እስከ ታች ቢሰፋ ያምራል፣ ጠርዙንም ያጠነክራል። ዘርፍ ደግሞ ክብደት ስላለው በመጋረጃው ማሰሪያና በላይኛው መከለያ ጫፍ ላይ ይሻላል፤ ወለል የሚጠርግ ዘርፍ በአንድ ክረምት ያልቃል። ዘርፍ ለባሌ ሰው አዲስ ነገር አይደለም፤ ለሠርግና ለበዓል የሚወጣውን ፈረስ በባለ ቀለም ዘርፍ የሚሸልም አገር ነው። የትራስ ጨርቅና የበር መጋረጃ በተመሳሳይ ጥለት ቢሰፉ ክፍሉ አንድ ይሆናል። እናቶች በእጃቸው የሠሩት ዳንቴልም ከሶፋ ላይ ተነሥቶ በስስ መጋረጃ ጫፍ ላይ ሲሰፋ እጅግ ያምራል። ጥለቱም ዳንቴሉም እንደ ገበሩ አስቀድመው ይታጠቡ።

የተገበረ መጋረጃ ከባድ ነው፤ መስቀያው ካልጠነከረ ይወድቃል። በጭቃ ግድግዳ ላይ ምስማር ምርጊቱን ይዞ አይቆይም፤ የሚይዘው ከውስጥ ያለው ቋሚ እንጨት ነው። ግድግዳውን በጣት አንጓ አንኳኩተው ድምፁ የሚጠጥርበትን ይፈልጉ፤ በሁለት ቋሚዎች ላይ ጣውላ አጋድመው ይምቱ፣ የዘንጉን መያዣ በጣውላው ላይ ይግጠሙ። በብሎኬት ግድግዳ በመሰርሰሪያ በስቶ ፊሸር ማስገባት ይበቃል።

በብዙ ቤት አሁን ከመጋረጃው ጋር አብሮ የሚታዘዘው የአረቢያን መጅሊስ ነው፤ በግድግዳው ልክ የሚቆረጥ ዝቅ ያለ ፍራሽ፣ መደገፊያና ትራስ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ልበል። ልብሱ በዚፕ የሚወልቅ ይሁን፤ የፈሰሰ ሻይና ቡና በተሰፋ ፍራሽ ላይ አይወጣም። ስፖንጁም በቀጥታ በሲሚንቶ ወለል ላይ አይቀመጥ፤ ከሥሩ እርጥበት ይዞ ይሻግታል። ዝቅ ያለ የእንጨት ርብራብ ቢደረግለት አየር ያገኛል።

አሁን የሚከተለውን ጠበቅ አድርገው ይያዙት። መጋረጃው በደንብ በዘጋ መጠን ክፍሉ አየር ያንሰዋል። ለሙቀት ተብሎ በከሰል ምድጃ አጠገብ መተኛት በዚህ አገር ሰው ይገድላል፤ ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይወስደዋል። ገበር ያለው መጋረጃ የሚሰፋው ከሰሉ ከመኝታ ክፍል እንዲወጣ ነው። ሻማና ምድጃም ከማንኛውም መጋረጃ ይራቁ። ጠዋት ደግሞ መጋረጃውን ወዲያው ይክፈቱ፤ ሌሊት በመስታወቱ ላይ ያዛው ውሃ ካልደረቀ ገበሩን ያሻግተዋል።

ለሰፊው ትእዛዝ ሲሰጡ ልኩን፣ የክፋፉን ስፋትና ጥለቱ የሚሰፋበትን ጠርዝ በወረቀት ጽፈው ይስጡ። ክፋፉ መጀመሪያ በላላ ስፌት ብቻ ይያዝ። መጋረጃው ቤት ተሰቅሎ ጥቂት ቀን ይሰንብት፤ ጨርቅ በራሱ ክብደት ይረዝማል፣ የጭቃ ቤት ወለልም ሁሌ ልክ አይሆንም። ከዚያ ከወለሉ ያለው ርቀት በሁለቱም ጫፍና በመሐል ተለክቶ ክፋፉ ለመጨረሻ ጊዜ ይሰፋል።