ቲድሊዊንክስ፦ የዘላይ ክቦች ጨዋታ

ተጫዋቹ በያዘው ክብ ፕላስቲክ የትንሿን ክብ ጠርዝ ወደ ታች ይጫናል፤ ፕላስቲኩ ከጠርዟ ሲያመልጥ ክቧ ተስፈንጥራ ትነሣለች። ከሥሯ የተነጠፈው ለስላሳ ምንጣፍ ዝላዩን ያግዛል።

የለንደኑ ጆሴፍ አሽተን ፊንቸር ለጨዋታው የፈጠራ መብት ያመለከተው እ.ኤ.አ. በ1888 ነበር። በ1955 ደግሞ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ክበብ መሥርተው ይህን የቤት ውስጥ መዝናኛ ወደ ብርቱ የስልት ውድድር ለወጡት።

በውድድሩ አራት ቀለማት አሉ፤ እያንዳንዱ ቀለም 6 ክቦች አሉት። ግቡ ክቦቹን መካከል ወዳለው ጽዋ ማስገባት ነው። ይሁንና የባላጋራን ክብ በራስ ክብ መሸፈንም ይቻላል፤ የተሸፈነች ክብ እስክትገለጥ ድረስ አትንቀሳቀስም። ጽዋው ውስጥ የገባችው ደግሞ ከፍልሚያው ትወጣለች። ስለዚህ ነጥብ ለማስቆጠር የቸኮለ ተጫዋች ሜዳውን ለባላጋራው ለቅቆ፣ የቀሩት ክቦቹ ታስረው ሊያገኛቸው ይችላል።