ቢሉን እስከ ታችኛው መስመር የሚያነቡት እንደራሴ

በአናፖሊስ እምብርት ከከተማዋ ከፍ ብሎ የቆመው የሜሪላንድ ምክር ቤት ሕንፃ ታይቶ የማይጠገብ ነው። ያለ ብረት ሚስማር የተገጣጠመው የእንጨት ጉልላቱ በአሜሪካ በዓይነቱ ትልቁ ሲሆን፣ አናቱ ላይ በቤንጃሚን ፍራንክሊን ንድፍ የተሠራ 28 ጫማ የሚረዝም የመብረቅ መከላከያ ዘንግ ተተክሎበታል። ጆርጅ ዋሽንግተን እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1783 የጦር አዛዥነታቸውን ያስረከቡት እዚሁ ነው። ዛሬ እንደራሴዎቹ የሚሰበሰቡበት አዳራሽ በጥቁርና በወርቃማ የጣሊያን እምነበረድ አምዶች ያጌጠ ነው፤ ከጣሪያው ባለቀለም መስታወት ተጣርቶ የሚወርደው ብርሃንም ለክርክሩ ልዩ ሞገስ ይሰጠዋል። በዚህ ግርማ መካከል ከ141ዱ እንደራሴዎች አንዷ የሆኑት ሎሪግ ቻርኩዲያን ስማቸውን የተከሉት ብዙ ሰው ከፍሎ በሚጥለው ወረቀት፣ በመብራትና በጋዝ ቢል ላይ ነው።

ቻርኩዲያን ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ የሚወክሉት 20ኛውን የምርጫ ክልል፣ ማለትም ሲልቨር ስፕሪንግንና ታኮማ ፓርክን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግን ለአማርኛ አንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልግም። በጆርጂያ ጎዳናና በፌንተን መንገድ ዙሪያ የተቆላ ቡና ሽታ ደጅ ድረስ የሚቀበልበት፣ የአገር ቤት ወሬ ከምሳ ጋር የሚቀርብበት ሰፈር ነው። ሰፈሩ ያለበት ሞንትጎመሪ ካውንቲ ከ2012 ጀምሮ የጎንደር እህት ነው፤ የካውንቲው መሥሪያ ቤቶችም ለነዋሪው በአማርኛ ይጽፋሉ። የመብራት ዋጋ ሲንር እዚህ የሚከፍለው ሰው የእኛው ሰው ጭምር ነው።

የአርመን ዝርያ ያላቸው እንደራሴ የምጣኔ ሀብት ዶክተር ናቸው፤ የሕይወታቸው ሙያ ግን ማስታረቅ ነው። የሜሪላንድ የማኅበረሰብ ሽምግልና ማዕከላትን የሚያስተባብረውን ድርጅት በዋና ዳይሬክተርነት መርተዋል። በእነዚህ ማዕከላት በመኪና ማቆሚያ፣ በጩኸት ወይም በኪራይ የተጣሉ ጎረቤታሞች ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። አስታራቂው እንደ አገር ቤት ሽማግሌ ካሣ አይቆርጥም፣ ፍርድም አይሰጥም፤ ሥራው አንዱ የተናገረውን ሌላው በትክክል እንዲሰማ ማድረግ ነው። እኔ በሕግ አውጪነታቸው ውስጥ የማየው ውበት ከዚህ ትዕግሥት የተቀዳ ይመስለኛል። ነገር ሲወሳሰብ አይሸሹም፤ ማን ምን እንዳለ፣ ማን ምን እንደሚከፍል እስኪለይ ድረስ ይቀመጣሉ።

እስቲ ቢሉን ገልጠን እንየው። የኃይል አቅርቦት ዋጋ፣ በትላልቅ መስመሮች የማስተላለፊያው፣ በሰፈር ውስጥ የማከፋፈያው፣ እንዲሁም ልዩ ልዩ ተጨማሪ ክፍያዎች ተደርድረዋል። ቅዳሜ ጠዋት ምጣዱ ለእንጀራ ሲጣድ ቆጣሪው መፍጠኑን ባለቤቲቱ ታውቃለች፤ ምን ያህል እንደምትጠቀም የምትወስነውም ራሷ ናት። የአቅርቦቱ ዋጋ ግን በአብዛኛው የሚቆረጠው ከሜሪላንድ ውጭ፣ ፒጄኤም በሚባለው ተቋም ገበያ ነው።

መቀመጫውን ፔንሲልቬንያ ያደረገው ፒጄኤም በ13 ግዛቶችና በዋሽንግተን ዲሲ ለሚኖር ከ65 ሚሊዮን ለሚበልጥ ሕዝብ የኃይል መረቡንና ገበያውን ይመራል። ከገበያዎቹ አንዱ፣ የኃይል ማመንጫዎች ወደፊት በተፈለጉበት ሰዓት ዝግጁ ሆነው እንዲገኙ የሚከፈላቸውን ዋጋ የሚወስን ጨረታ ነው። በጁላይ 2024 በተካሄደው ጨረታ ለአንድ ሜጋዋት በቀን 28.92 ዶላር የነበረው ዋጋ በአንድ ጊዜ ወደ 269.92 ዶላር ዘለለ፤ በባልቲሞር አካባቢማ 466.35 ዶላር ደረሰ። የዳታ ማዕከላት ፍላጎት አይሏል፤ አሮጌ ማመንጫዎች ይዘጋሉ፤ አዳዲሶቹ ደግሞ ከመረቡ ለመገናኘት ዓመታት የሚፈጅ ወረፋ ይጠብቃሉ። ጭማሪው ከጁን 2025 ጀምሮ የነዋሪው ቢል ላይ አርፏል።

ቻርኩዲያን ከሌሎች የሚለዩት እዚህ ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ኩባንያዎች በፒጄኤም ውስጥ አባል ናቸው፣ ድምፅም ይሰጣሉ፤ በብዙዎቹ ኮሚቴዎች ግን ማን በምን ላይ እንዴት እንደመረጠ ሕዝብ አያውቅም ነበር። እንደራሴዋ ኩባንያዎቹ የሰጡትን ድምፅ እንዲያሳውቁ የሚጠይቅ ረቂቅ ሕግ ይዘው ተነሡ። ጥያቄው ቀላልና ጨዋ ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ሕዝብ በስሙ ምን እንደተወሰነ ይወቅ ማለት ነው።

የጋዙ ጉዳይ ደግሞ ሐዘን አለበት። በኦገስት 10 ቀን 2016 ሌሊት በሲልቨር ስፕሪንግ ፍላወር ብራንች በተባለ የመኖሪያ አፓርትመንት የጋዝ ፍንዳታ ደርሶ ሰባት ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ስደተኛ ቤተሰቦችም ቤት አልባ ሆኑ። የፌዴራል መርማሪዎች ምክንያቱን ከምድር ቤቱ የቆጣሪ ክፍል አገኙት፤ የጋዙን ግፊት የሚቆጣጠር አሮጌ ባለ ሜርኩሪ መሣሪያ ተበላሽቷል፣ ያፈተለከውን ጋዝ ወደ ውጭ ማውጣት የነበረበት ቱቦም ሳይገናኝ ቀርቷል። እንዲህ ያሉ መሣሪያዎች ከቤት ውስጥ ወጥተው ደጅ እንዲተከሉ የሚያዘውና በዚያው አፓርትመንት ስም የተሰየመው ሕግ በ2021 ሲጸድቅ፣ ከፊት ሆነው ከታገሉለት አንዷ ቻርኩዲያን ነበሩ። አንድ ያልተገናኘ ቱቦ ሰባት ነፍስ እንደሚያስከፍል ያየ ሰፈር፣ የቧንቧና የቆጣሪ ጉዳይ ተራ ነገር ነው የሚለውን አይቀበልም።

ከሥራዎቻቸው ሁሉ ልቤን የሚማርከው ግን በ2024 የጸደቀው፣ የምድርን ሙቀት በጋራ የመጠቀም ሙከራ ነው። መሬት ከላይ በረዶ ቢለብስም ዝቅ ተብሎ ሲቆፈር ሙቀቷ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም፤ በሜሪላንድ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። በሰፈር ሥር በተዘረጋ ቧንቧ ውኃ ይዘዋወራል፤ በየቤቱ ያለ የሙቀት ፓምፕ በክረምት ከውኃው ሙቀት ይቀዳል፣ በበጋ ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ውኃው ይመልሳል። የጋዝ ኩባንያዎች ይህን መረብ በሙከራ እንዲዘረጉ ሕጉ ይጠይቃል፤ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦችም ቅድሚያ ይሰጣል። ለባለጸጋ ቤት ብቻ ይመጥን የነበረ ምቾት በጋራ ቧንቧ ለአፓርትመንት ነዋሪ እንዲደርስ ማሰብ፣ የረቀቀና ለጋስ አእምሮ ሥራ ነው። የጋዝ ቧንቧ ቀባሪ ሠራተኞችም ሙያቸውን ይዘው በዚሁ እንዲቀጥሉ መታሰቡ የአስታራቂን እጅ ያሳያል።

ምክር ቤቱም ዝም ብሎ አልተቀመጠም። በር እያንኳኳ “ቢልዎን ያሳዩኝ” የሚለውን ሻጭ የማያውቅ የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ጥቂት ነው፤ የ2024ቱ ሌላ ሕግ ሻጮቹ ፈቃድ እንዲያወጡና የሚያቀርቡት ዋጋ ገደብ እንዲኖረው አድርጓል። በ2025 የጸደቀው ሰፊ የኃይል ሕግ በአማካይ 80 ዶላር ያህል ለየቤተሰቡ እንዲመለስ ወሰነ፤ ግዙፍ ኃይል ለሚጠቀሙ እንደ ዳታ ማዕከላት ላሉ ደንበኞችም የተለየ የዋጋ ሠንጠረዥ እንዲወጣ አዘዘ። ቢሉ በዚህ ብቻ አልረከሰም። ሜሪላንድ ከምትጠቀመው ኤሌክትሪክ 40 በመቶ ያህሉን ከውጭ የምታስገባ እንደመሆኗ፣ አንድ ግዛት ብቻዋን የምትፈታው ነገር አይደለም። ሆኖም ስሌቱን የሚረዳ ሰው ወንበር ላይ መኖሩ ትልቅ ልዩነት ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

የሜሪላንድ ምክር ቤት በየዓመቱ በጃንዋሪ ተከፍቶ ለ90 ቀናት ብቻ ይሠራል። ረቂቅ ሕጎች በኮሚቴ ሲደመጡ ማንኛውም ነዋሪ በድረ ገጽ ተመዝግቦ በቃልም በጽሑፍም ሐሳቡን መስጠት ይችላል። በ1924 የተቋቋመውና በአሜሪካ በዓይነቱ የመጀመሪያው የሆነው የሕዝብ ጠበቃ ጽሕፈት ቤትም በኃይል ዋጋ ክርክር ላይ ለመኖሪያ ቤት ደንበኞች ይቆማል። የሚቀጥለው ቢል ሲደርስዎ ከመክፈልዎ በፊት እስከ ታችኛው መስመር ያንብቡት፤ ያልገባዎትንም ለእንደራሴዎ ይጻፉላቸው።