ለደረቅ ቆላ የሚስማማ የግቢ አቀማመጥና የአገር በቀል ዕፅዋት አመራረጥ
(ለጎብዬና ለራያ ቆላ አካባቢ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት የተዘጋጀ)

1. መግቢያ

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ባለው ሜዳማ አገር ትገኛለች። የአካባቢው ዝናብ በሁለት ወቅት የተከፈለ ነው። የበልጉ ዝናብ ጥቂትና የማያስተማምን ሲሆን የክረምቱ ደግሞ በአብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ይጥላል። ከዚያ በኋላ ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ክፉኛ ከተጎዱት አካባቢዎች አንዱ ይህ አገር መሆኑ አይዘነጋም።

በየክረምቱ በማኅበር ጽሕፈት ቤት፣ በገበሬዎች ማሠልጠኛና በትምህርት ቤት ግቢ ችግኝ ይተከላል። ጥር ሲገባ ግን ባዶ ሆኖ የሚገኘው ጉድጓድ ጥቂት አይደለም። ለጉድጓዱ የወጣው ጉልበትና ከሩቅ የተቀዳው ውኃ ከንቱ ይቀራል። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የአባላቱ ስንፍና ሳይሆን ዛፉ ያለ ቦታው መተከሉ ወይም ለአገሩ የማይስማማ መሆኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ሁለቱን ጥፋቶች ለማስወገድ የሚረዱ ነጥቦችን እናቀርባለን።

2. አስቀድሞ ግቢውን ማጥናት

ከመትከል በፊት ዝናብ በሚጥልበት ቀን በግቢው ውስጥ መዘዋወር ይጠቅማል። ጎርፉ በየት እንደሚገባ፣ የት እንደሚተኛና በየት እንደሚወጣ በካስማ ምልክት ይደረግበት። ከምዕራብ ተራሮች ወደ ሜዳው የሚወርደው ጎርፍ ቤት የሚያፈርስ ጠላት ነው፤ በአግባቡ ከተጠለፈ ግን ዛፍ የሚያሳድግ ወዳጅ ይሆናል።

የጣራ ውኃም መረሳት የለበትም። በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ውኃ ነው። ስለዚህ 50 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢያገኝ እስከ 1,000 ሊትር ይሰጣል። ይህ ውኃ መሠረቱን ሳይነካ በቦይ ወደ ችግኞቹ እንዲመራ ያስፈልጋል።

የጥላ ዛፍ በተለይ በቤቱ ምዕራብ በኩል ይተከል፤ የከሰዓት በኋላው ፀሐይ ግድግዳውን እንዳያግል ይከላከላል።

3. ዕፅዋቱን በውኃ ፍላጎታቸው መመደብ

ሀ/ ከጣራ ቦይና ከእጅ መታጠቢያ አጠገብ፦ እንደ ዋንዛ ያለ፣ ሻል ያለ እርጥበት የሚሻ ዛፍ ይተከል።

ለ/ ውኃ በማይደርስበት ቦታ፦ ግራር፣ ቁርቁራና በደኖ ተስማሚ ናቸው። ቁርቁራ ፍሬው ለሰው፣ ቅጠሉ ለፍየል ይሆናል። ሦስቱም እሾኽ ስላላቸው ከመተላለፊያና ከልጆች መጫወቻ መራቅ አለባቸው።

ሐ/ ለአጥር፦ አጋምና ክትክታ ይመረጣሉ። የአጋም አበባ ንብ ይስባል፣ ፍሬው ይበላል፣ እሾኹም ከብት ይከለክላል። ክትክታን ፍየል እምብዛም አትደፍረውም። ቅንጭብም ለአጥር የታወቀ ነው፤ ሆኖም ወተቱ ዓይንን ክፉኛ ስለሚጎዳ በትምህርት ቤት ግቢ እንዳይተከል እንመክራለን።

መ/ በድንጋይ እርከንና በተዳፋት ላይ፦ እሬት አፈር ይይዛል፣ ለግቢውም ውበት ይሰጣል።

ሠ/ ዋርካ ሸንጎ የሚያስቀምጥ ጥላ አለው። ነገር ግን ሥሩና ቅርንጫፉ ሰፊ ስለሆነ ከቤትና ከውኃ ጉድጓድ ርቆ፣ ሰፊ ቦታ ሲገኝ ብቻ ይተከል።

4. ከውጭ ስለሚመጡ ዕፅዋት ማስጠንቀቂያ

ከውጭ የመጣ ዛፍ ሁሉ ጎጂ ነው አንልም። ይሁን እንጂ ፕሮሶፒስ በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በአፋር ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ ከተተከለ በኋላ ከአንድ ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ወርሯል። ፍሬውን የበላ ከብት ዘሩን በእበቱ ይዞ ስለሚሄድ ለአፋር ጎረቤት የሆነው የራያ ቆላ ሊጠነቀቅ ይገባል። ለአበባው ሲባል የሚተከለው የወፍ ቆሎም እንዲሁ ከአጥር አልፎ ግጦሽ ይይዛል። ለችግኝ ማፍያ የሚሆን አፈር ፓርቲኒየም አረም ከበቀለበት ስፍራ እንዳይቆፈር፤ ዘሩ ከችግኙ ጋር ወደ ግቢው ይገባልና።

5. አተካከልና እንክብካቤ

ዘሩ በአካባቢው ከሚገኙ ብዙ ጤናማ እናት ዛፎች ይሰብሰብ። የግራር ዘር የፈላ ውኃ ፈሶበት ካደረ በኋላ ቢዘራ ፈጥኖ ይበቅላል። የቁርቁራ ፍሬ ድንጋይ ግን ፍሬ ነገሩ ሳይጎዳ በጥንቃቄ ይሰንጠቅ። ችግኙ ወደ መስክ ከመውጣቱ በፊት ውኃውን ቀስ በቀስ በመቀነስ ማለማመድ ተገቢ ነው።

ጉድጓዱ ከዝናቡ በፊት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀትና ስፋት እንዲኖረው ተደርጎ ይቆፈር። በተዳፋት ቦታ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ እርከን ይሠራለት፤ ክፍቱ ወደ ዳገት፣ ክቡ ወደ ቁልቁለት ይሁን። አፈሩ በደንብ እንደ ራሰ፣ በሐምሌ መጀመሪያ አካባቢ ይተከል። የዘገየ ችግኝ ሥሩ ሳይጠልቅ ዝናቡ ያልቅበታል። ፕላስቲኩ ይውጣ፤ የተጠቀለለ ሥርም ይቆረጥ። በዙሪያው ጠፍጣፋ ድንጋይ ቢደረደር እርጥበት ይይዛል። በገለባ የሚሸፈን ከሆነ ምስጥ እንዳይጠጋ ገለባው ከግንዱ ይራቅ።

6. ማጠቃለያ

ማኅበራት ከመትከላቸው በፊት ሦስት ነገሮችን በቃለ ጉባኤ ቢወስኑ መልካም ነው፦ በበጋ ውኃውን ማን ያጠጣል? ፍየል ቢገባ ማን ይጠየቃል? ቅጠሉና ፍሬው ሲደርስ ለማን ይሆናል? እነዚህ ያልተወሰኑለት ችግኝ ባለቤት የለውም።

የልማት ሠራተኞችም በክረምት የተተከለውን ብቻ ሳይሆን በጥርና በግንቦት የጸደቀውን ቆጥራችሁ እንድትመዘግቡ አደራ እንላለን። ለበጋ ውኃ ማጠጣት የሚቻለው ሃያ ዛፍ ከሆነ ሃያ ይተከል። ሃያ የጸደቀ ዛፍ ግቢውን ያለብሳል፤ የደረቀ ሁለት መቶ ግን የገበሬውን ተስፋ አብሮ ያደርቃል።